ከመንገድ ዳር ወደ መንገዱ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ የቦሌን መንገድ ላወጋችሁ ነው። ስለ ሕንፃዎቹ አይደለም፤ እነሱን በየቀኑ ታዩአቸዋላችሁ። የማወጋችሁ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆሞ ስለኖረው ሰው ነው። ምን ሊያይ እንደቆመ፣ ስንት ዘመን እንደቆመ፣ በኋላም አንድ እሑድ ጠዋት ከዳር ተነሥቶ እንዴት መሀል አስፋልቱ ውስጥ እንደገባ።

የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከተከፈተ ጀምሮ የትልቅ እንግዳ ሁሉ መግቢያ በዚህ በኩል ሆነ። በ1955 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የአፍሪካ መሪዎች የአንድነት ድርጅቱን ሊመሠርቱ መጡ። በ1957 ዓ.ም. የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ መጡ። በ1958 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ደግሞ የፈረንሳዩ ደጎል። እንግዳ በመጣ ቁጥር የአዲስ አበባ ሰው፣ ይልቁንም ተማሪው፣ ባንዲራ ይዞ መንገድ ዳር ይሰለፋል። እንግዳው ያልፋል፣ እጁን ያነሣል፣ ሕዝቡ እልል ይላል፤ ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ይመለሳል። ወሬው ለሳምንት ይበቃል።

ገርጂ ውስጥ አንድ የማከብራቸው ጎረቤት አሉኝ። ዕድሜያቸውን በአየር መንገድ ሀንጋር ውስጥ አውሮፕላን ሲጠግኑ ያሳለፉ ጡረተኛ ናቸው። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም፤ እኔም ሰፈሩ ሁሉ እንደሚጠራቸው ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ንግሥቲቱ በመጡ ጊዜ ጋሼ ትንሽ ተማሪ ነበሩ።

«በጠዋት አሰለፉን» ይላሉ። «ፀሐዩ አናታችንን በላው። አንድ ልጅ ወደቀብን፤ ውሃ አፈሰሱበት። ከዚያ ከወዲያ ጩኸት መጣና ሁሉም ተንጠራራ። እኔ አጭር ነኝ፤ ያየሁት አንድ ነጭ ጓንት ብቻ ነው። ቤት ስገባ እናቴ ‹ንግሥቲቱን አየሃቸው?› አለችኝ። ‹አዎ፣ በደንብ ነው ያየኋቸው› አልኳት።»

ይህን ባወሩኝ ቁጥር አዝናለሁ። ለጓንቱ አይደለም የማዝነው፤ ለዚያ ሁሉ ልጅ ነው። ጠዋቱን ሙሉ ቆሞ ሌላ ሰው ሲያልፍ ማየት ትልቅ ነገር ነው ተብሎ ለተማረ ልጅ።

ይህን ከተማ ግን ከመሪዎቹም ከነገሥታቱም በላይ ደጅ ያስወጡት ሯጮች ናቸው። ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ እዚህ ሰው ለእንቁጣጣሽ ሽር ጉድ ሲል፣ አበበ ቢቂላ በሮማ ኦሊምፒክ በባዶ እግሩ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። ፋሺስት ኢጣሊያ ከአክሱም ወስዶ ባቆመው ሐውልት አካባቢ ሲደርስ ነው የሞሮኮውን ራዲ ቤን አብደሰላምን ጥሎት የሄደው። ይህን ከኢትዮጵያ ሕዝብ ማን አየ? አልታየም፤ ተሰማ። በአራት ዓመቱ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ቶኪዮ ላይ ደገመው። ያንንም ቢሆን በቴሌቪዥን ያየነው አይደለም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው በ12ኛው ቀን፣ ጥቅምት 23 ነበረና። አበበ ያመጣቸውን ሁለቱንም ወርቆች ሕዝቡ የተቀበላቸው በጆሮው ነው።

ሬዲዮ ግን ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በ1972 ዓ.ም. ክረምት ምሩጽ ይፍጠር ሞስኮ ላይ 10,000ውንም 5,000ውንም ሲያሸንፍ፣ አርሲ ውስጥ፣ አሰላ አካባቢ፣ አንድ የ7 ዓመት ልጅ ሬዲዮ ላይ ተደፍቶ ይሰማ ነበር። የዚህ ልጅ ትምህርት ቤት ከቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ደብተሩን በግራ ክንዱ ታቅፎ እየሮጠ ይሄዳል፣ እየሮጠ ይመለሳል። በኋላ ዓለም ሁሉ ያወቀው የግራ ክንዱ አያያዝ ከዚያ ደብተር የመጣ ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ ነው ልጁ። የምሩጽን ድል በዚያ ክረምት የሰማው ልጅ በመላ አገሪቱ ስፍር ቁጥር አልነበረውም፤ ሁሉም ዘሎ ጨፍሯል። ከመካከላቸው እሱ በማግሥቱም እየሮጠ ወጣ።

አሁን ወደ ሲድኒ ኦሊምፒክ ልውሰዳችሁ። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ የደመራ ዋዜማ፣ ሰኞ ቀትር ላይ። ያን ቀን ቴሌቪዥን ያለው ካፌ ሁሉ ሰው በሰው ላይ ነበር፤ ውስጥ ቦታ ያጣ በመስኮት ያያል። በ10,000 ሜትሩ የመጨረሻ ዙር ላይ የኬንያው ፖል ቴርጋት ፈትለክ ብሎ ወጣ፤ ኃይሌ ተከተለው። አልደረሰበትም፣ አልደረሰበትም፤ መስመሩ ላይ ደረሰበት። ልዩነታቸው 9 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ነበር። 10 ኪሎ ሜትር ሮጠው የተለያዩበት ጊዜ፣ በዚያው ኦሊምፒክ የወንዶች 100 ሜትር አንደኛና ሁለተኛ ከተለያዩበት ያነሰ ነው! በዚያው ሰሞን ደራርቱ ቱሉ በ10,000፣ ሚሊዮን ወልዴ በ5,000፣ ገዛኸኝ አበራ በማራቶን ወርቅ ጨመሩበት። አራት ወርቅ።

ቡድኑ የተመለሰ ቀን የቦሌ መንገድ ዳርቻ እንደዚያ ሲሞላ ጋሼ አይተው አያውቁም። ከፈረቃ ወጥተው ከልጃቸው ጋር ወሎ ሰፈር ቆሙ። ሰው ዛፍ ላይ፣ ግንብ ላይ፣ የጭነት መኪና ጣራ ላይ ወጥቷል። ድምፃቸው እስኪዘጋ ጮኹ። በማግሥቱ ሀንጋር ውስጥ በዚያው በተዘጋ ድምፅ «አሸነፍን እኮ!» እያሉ ሲያወሩ፣ አብሮ አደግ የሥራ ባልደረባቸው ቀና ብሎ አያቸውና «ማን ነው ያሸነፈው? አንተ እኮ የክንፉን መሰላል ስትወጣ ታለከልካለህ» አላቸው።

ሰው ሳቀ። ጋሼም ሳቁ። ማታ ግን እንቅልፍ እንቢ አላቸው። «አርባውን አልፌያለሁ» አሉኝ። «ያን ሁሉ ዘመን አውሮፕላን ጠግኜ ሌላው ነው የሚበርበት። ኳስ አያለሁ፣ ሌላው ነው የሚጫወተው። ሠርግ ሄጄ ስበላ እንኳ ሌላው ሲጨፍር ጥግ ይዤ ነው። ምን ጎደለብኝ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ያን ማታ አሰብኩ።»

እዚህ ላይ ጋሼን እንተዋቸውና ባሕር እንሻገር፤ ሰውን ከዳር ያስነሣው ነገር ሥሩ ሩቅ አገር ነው ያለው።

ብሬንዳን ፎስተር የሚባል እንግሊዛዊ ሯጭ ነበር። በ1968 ዓ.ም. ሞንትሪያል ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ አግኝቷል። ምሩጽ ያን ጊዜ በሙሉ አቅሙ ላይ ነበር፤ ግን አልሮጠም። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን የአፓርታይዷን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ስለተጫወተ፣ ኒውዚላንድ ካልታገደች ብለው ኢትዮጵያን ጨምሮ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ኦሊምፒኩን ረግጠው ወጥተዋል። ታሪክ ደግሞ እንዴት እንደሚዞር ተመልከቱ። ያው ፎስተር ሦስት ዓመት ቆይቶ ኒውዚላንድ ሄደ። ኦክላንድ ከተማ ላይ ሕዝቡ፣ ሽማግሌው ከሕፃኑ፣ በባሕሩ ዳርቻ አብሮ ሲሮጥ አገኘውና እሱም ገብቶ ሮጠ። እንዲህ ያለ ነገር በትውልድ አካባቢው ለምን አይኖርም አለ። በ1973 ዓ.ም. ታላቁ የሰሜን ሩጫ የተባለውን ውድድር ኒውካስል ላይ ጀመረ፤ ዛሬ በዓለም ትልልቅ ከሚባሉት የጎዳና ሩጫዎች አንዱ ነው።

ኃይሌ ደግሞ ከሲድኒ በኋላ ከፎስተርና ከሌሎች ወዳጆቹ ጋር ሲመካከር ይኸው ሐሳብ ተነሣ። አስቡት፤ ኢትዮጵያ በሩጫ ዓለም ያወቃት አገር ናት፤ ሕዝቡ ወጥቶ የሚሮጥበት አንድም ትልቅ የጎዳና ሩጫ ግን አልነበራትም። ሯጭና አጨብጫቢ ነበሩን፤ በመካከላቸው ማንም አልነበረም። እኔ ኃይሌን ከሠራቸው ሥራዎች ሁሉ በዚህ አከብረዋለሁ። ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ ሰው ቀሪ ዘመኑን ሲጨበጨብለት ቢኖር የሚከለክለው አልነበረም። እሱ ግን አጨብጫቢውን ና አብረን እንሩጥ አለው። ሥራውን ለማደራጀት በአትላንታ ኦሊምፒክ በማራቶን 5ኛ የወጣው እንግሊዛዊው ሪቻርድ ኔሩርካር አዲስ አበባ መጥቶ ተቀመጠ፤ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ውድድሩን የመራው እሱ ነው። ስሙም ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ተባለ።

ኅዳር 16 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ እሑድ። መነሻው መስቀል አደባባይ፣ ርቀቱ 10 ኪሎ ሜትር፣ ተሳታፊው 10,000 ሰው።

የጋሼ ልጅ ያኔ 10ኛ ክፍል ነበረች፤ ከጓደኞቿ ጋር ተመዝግባ ካናቴራዋን ለብሳለች። ጋሼ የሄዱት ጃኬቷን ሊይዙላት ነው። ኮት ለብሰዋል፤ በቆዳ ጫማ ናቸው። እንደለመዱት ዳር ያዙ። ተኩሱ ተሰማ። ፊት ፊት እነ ኃይሌ ንፋስ ሆነው አለፉ፤ ጋሼ አጨበጨቡ። ይህ የለመዱት ነው። ከዚያ በኋላ የመጣውን ግን አልለመዱትም።

«ሰው መጣ» ይላሉ። «ሰው ዝም ብሎ መጣ። ያለቀ ሲመስለኝ አያልቅም። ድምፁ፣ የእግሩ ድምፅ፣ ደረቴ ውስጥ ነው የሚሰማኝ። የማጨበጭብለት አትሌት ብፈልግ አጣሁ። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ አለ፣ ሲሮጥ አየሁት። ደመወዝ የምትከፍለኝ የባንክ ልጅ አለች፣ እሷም። ቦርጫም ሰውዬ ነው፣ ላቡን በእጁ እየጠረገ ይስቃል። እኔን የመሰለ ሰው ነው የሚያልፈው! ለራሴ ቢጤ እንዴት ቆሜ ላጨብጭብ?»

አንድ ወጣት በአጠገባቸው ሲያልፍ አያቸው። «ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ! ምን ቆመዋል?»

«ካናቴራም ቁጥርም የለኝም፣ ልጄ።»

«እግር አለዎት አይደል? ይግቡ!»

ገቡ።

ያለ ቁጥር መግባት ደንብ አለመሆኑን ዛሬ እሳቸውም ይናገራሉ፤ በዓመቱ ከሁሉ ቀድመው ነው ተሰልፈው የተመዘገቡት። ያን ቀን ግን ስለ ደንብ የሚያስብ ልብ አልነበራቸውም። ትንሽ ሮጡ፣ ቆሙ፣ ተራመዱ፣ እንደገና ሮጡ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ያልለመደ ሳንባ ወዲያው ይከሳል። ጋሼ ስለዚያ ጠዋት ከነገሩኝ ሁሉ አእምሮዬ ውስጥ የቀረው ይህ ነው፦ «ስንት ዘመን በሰርቪስ ተመላልሼበት ያ መንገድ ዳገት መሆኑን አላውቅም ነበር። ከዳር ቆመህ ስታየው ሜዳ ነው። እግርህን ስታሳርፍበት ነው ዳገቱ የሚመጣው። ቁልቁለቱም እንደዚያው፤ ደስታው ከዳር አይታይም።»

መስቀል አደባባይ ሲደርሱ ሸሚዛቸው ገላቸው ላይ ተጣብቋል። ልጃቸው ከጓደኞቿ ጋር ሆና አየቻቸውና በሁለት እጇ አፏን ያዘች። «አባዬ! ሮጥክ እንዴ? ጃኬቴስ?» ጃኬቱን መንገድ ላይ ለማን እንደሰጡት እስከ ዛሬ አያውቁም።

ውድድሩን በወንዶች ያሸነፈው ራሱ ኃይሌ ነበር፤ በሴቶች ብርሃኔ አደሬ። ይህ መዝገብ ላይ አለ። የእነ ጋሼ ገድል ያለው እንዲህ ስናወራው ነው፤ ለኔ ሁለቱም የአገር ታሪክ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው ቶሎ ቶሎ የሄደ ነው። 10,000 የነበረው ተሳታፊ ከዓመት ዓመት እያደገ ከ40,000 በላይ ሆነ፤ ሩጫው በአፍሪካ ትልቁ የጎዳና ሩጫ ተባለ። ኅዳር በመጣ ቁጥር ከተማዋ በአንድ ቀለም ካናቴራ ትሞላለች። መንገድ ዳር ሙዚቃ ይደረደራል፣ ቤት ያለው በጎማ ውሃ ይረጫል፣ የሚሮጠው ሆ ይላል። አንዳንድ ዓመት ሰው በሆዱ የያዘውን የፖለቲካ ብሶት ሁሉ በዘፈን አውጥቶበታል። ይህ የሚያስከፋቸው አሉ፤ እኔ ግን አልከፋም። ሰው መሀል መንገድ ከገባ በኋላ አፉን ዘግቶ እንዲሮጥ መጠበቅ አይቻልም፤ ሲገባ ከነድምፁ ነው የሚገባው።

በ1996 ዓ.ም. ደግሞ ለሴቶች ብቻ የሆነ የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ተጀመረ፤ ቅድሚያ ለሴቶች ይሉታል። እዚህ ላይ ቆም ልበል። ከዚያ በፊት በዚህ ከተማ አንዲት ባለትዳር ሴት ቱታ ለብሳ አስፋልት ላይ ብትሮጥ ምን ትባል እንደነበር የምታውቁ ታውቃላችሁ። ደራርቱ ስትሮጥ እልል የሚል ሰፈር የገዛ ጎረቤቱ ስትሮጥ ይጠቋቆም ነበር። የጋሼ ባለቤት ለዓመታት ባላቸውን ቁርስ ሠርተው ሲሸኙ ቆይተው አንድ መጋቢት ላይ «ዛሬ ቁርሱን አንተ ሥራ» ብለው ወጡ። ከእድሩ ሴቶች አራቱ ተከትለዋቸዋል፤ ነጠላቸውን ካናቴራው ላይ አሸንፍጠው ነው የሮጡት። ሲመለሱ የሰፈሩ ልጆች በር ላይ ጠብቀው አጨበጨቡላቸው። ባለቤታቸው ቁርሱ አርሮ ነበር ይላሉ፤ ጋሼ ይህን አያምኑም።

በምሥራቁ የከተማችን ክፍል የምትኖሩ ደግሞ ሌላ ትምህርት ቤት አላችሁ። ኮተቤ፣ ካራ፣ አያት፣ ሲኤምሲ ያለ ሰው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ መስኮቱን ቢከፍት አትሌቶቹን ያያቸዋል። ቀጫጭን ልጆች ናቸው፤ በጨለማ በሁለት በሦስት ሆነው ይወጣሉ፤ ሰርቪስ ይሳፈሩና ወደ ሰንዳፋ፣ ወደ ሱሉልታ፣ ወደ አቃቂ ይሄዳሉ። ብዙዎቹ ከአርሲ፣ ከጎጃም፣ ከሸዋ፣ ከትግራይ መጥተው ጠባብ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ናቸው፤ ስማቸውን ማንም ሳያውቀው ዓመታት የሚሮጡ። ለረጅም ጊዜ ጎረቤቱ በመጋረጃ አሾልኮ ሲያያቸው ኖረ። ቀስ በቀስ ግን መጋረጃውን ትቶ መውጣት ጀመረ። መጀመሪያ ዎክ ብሎ ነው፤ ሐኪም ስኳር አለብህ፣ ደም ግፊት አለብሽ ሲል። ከዚያ ዎኩ ሶምሶማ ሆነ፤ ሶምሶማው ማኅበር ሆነ። ዛሬ እሑድ ጠዋት በሰሚት፣ በየረር፣ በገርጂ የኮንዶሚኒየም ግቢዎች ውስጥ ማስ ስፖርት የማይሠራ ሰፈር ማግኘት ይከብዳል።

መስቀል አደባባይን ራሱን ተመልከቱት። በደርግ ጊዜ አብዮት አደባባይ ሲባል፣ ሕዝብ በመደዳው እየተቀመጠ የአብዮት በዓሉን ሰልፍ ያይ ነበር። ያ ለመቀመጫ የተዘረጋ ደረጃ በኋላ የሯጮች መለማመጃ ሆነ። ንጋት ላይ ብትሄዱ ከአንደኛው ጫፍ እስከ ሌላኛው፣ ከታችኛው መደዳ እስከ ላይኛው እየተመላለሰ የሚሮጠውን ታያላችሁ። ለማየት የተሠራ ቦታ ነው፤ ሕዝቡ ግን ለመሮጥ ወሰደው። ማንም አዋጅ አላወጣም።

በ2011 ዓ.ም. መንገድ ለሰው የተባለው ቀን ሲጀመር፣ አስፋልቶች ለጥቂት ሰዓት ለመኪና ተዘግተው ሕፃን በብስክሌት፣ ሽማግሌ በከዘራ ሲወጣ፣ ጋሼ ስልክ ደውለው «ና ውጣ! መንገዱ የኛ ነው» አሉኝ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ በቦሌ፣ በመገናኛና በሲኤምሲ መስመር ሰፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ተሠርቷል። ከዚያ መስመር ቤቱ ፈርሶበት ወደ ሌላ ሰፈር የሄደ ሰው እንዳለ አልረሳሁም፤ አዲሱ የእግረኛ መንገድ ላይ ስራመድ የሱ እግር እዚህ አለመኖሩ ይከነክነኛል። መሳተፍ ስንል እሱንም ማለታችን ካልሆነ ጎዶሎ ነው።

ሌላም የሚከነክነኝ አለ። በታላቁ ሩጫ ቀን ዛሬም ዳር የሚቆም ሰው አለ። የሕንፃ ጥበቃው ተረኛ ነው። ሊስትሮው ሳጥኑን ጥሎ መሄድ አይችልም። የመመዝገቢያው ገንዘብ ለቤት ሠራተኛዋ የምግብ ገንዘብ ነው። እነዚህ ሰዎች ማየት መርጠው አይደለም የቆሙት። ጋሼና የሶምሶማ ማኅበራቸው ይህን አስበውበት በየዓመቱ በመዋጮ ለተወሰኑ የሰፈር ልጆች ካናቴራ ይገዛሉ፤ ለግቢው ዘበኛ ደግሞ ተራ ይዘው በሩን ይጠብቁለታል። ባለፈው ጊዜ ዘበኛው ሮጦ ሲመለስ በሩን ሲጠብቁ ያገኛቸው አንድ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው። ካለኝ ትዝታ ሁሉ ይህን እወደዋለሁ።

ጋሼ ከሩጫው በኋላ ዳር ቆመው ማየት አልቻሉም፤ የትም ቦታ። እድር ላይ ኋላ ወንበር ተቀምጠው ስም ሲጠራ «አለሁ» ብለው የሚሄዱ ሰው ነበሩ፤ ዛሬ ጸሐፊው እሳቸው ናቸው። ሠርግ ላይ ይጨፍራሉ፣ መጥፎ ነው ጭፈራቸው፣ ግን ይጨፍራሉ። ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል ካስማውን ይመታሉ። አንድ ቀን «ሩጫው ነው እንዲህ ያደረገዎት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ትንሽ አሰቡ። «ሩጫው እኮ 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ ያልቃል» አሉኝ። «ያን ቀን ከዳር የወረድኩባት እርምጃ ናት እንጂ። ከባዷ እሷ ነበረች። ሌላውን ሁሉ ሰው ገፍቶ ነው ያስኬደኝ።»

አሁን ሰባውን ተሻግረዋል፤ ጉልበታቸው ስለማይፈቅድ አይሮጡም፣ ይራመዳሉ። ከልጅ ልጃቸው ጋር።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ፣ የቦሌ፣ የገርጂ፣ የሰሚት፣ የአያት ሰዎች፣ ቃሌ ለእናንተ ነው። ኅዳር እስኪመጣ አትጠብቁ። የእነ ጋሼ ማኅበር እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ገርጂ ይሰበሰባል፤ ለመግባት ክፍያ የለውም፣ ዕድሜ አይጠየቅም፣ መሮጥ ያልቻለ ይራመዳል። በየሰፈራችሁም እንዲህ ያለ ማኅበር አለ፤ ከሌለ ሁለት ጎረቤት ይበቃዋል። ጫማችሁን አድርጉ፣ ውሃ ያዙ፣ የግቢያችሁን ዘበኛ ጥሩና ውጡ።